ለደም አድርቅ አጥርና ለብቸኛ በሩ የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለክቡር የወይራ በር ከተማ የመናፈሻ፣ የቅርስና የውበት ሥራዎች አስተባባሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ባሉበት፤ ስብሰባ ላይ ከሆኑም በሻይ ዕረፍት ሰዓት።

ክቡርነትዎ፣ እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎ ደህና ከሆኑ ወንበርዎስ ደህና ነው? ወንበርዎ ደህና ከሆነ ያ ጫፉ እንደ ጦር የሾለው፣ አረንጓዴ የተቀባው የብረት አጥርዎ ጤናው እንዴት ነው? ዝናብ እንዳያዝገው፣ ፀሐይ እንዳያነጣው፣ የሰው ዓይንም እንዳይበላው የዘወትር ጸሎታችን ነው። እኛ የወይራ በር ነዋሪዎች፣ የሰኔ ዝናብ ጭቃውን እስከ ቁርጭምጭሚት ካደረሰው በቀር፣ አንገታችንንም ደፍተን ከመሄዳችን በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አንገታችንን የደፋነው ጭቃው እንዳያንሸራትተን ብቻ አይደለም፤ ኀፍረት ይዞን ነው። ይህን ኀፍረት ለብቻችን ይዘነው ብንቀመጥ ስግብግብነት እንዳይሆንብን ብዬ፣ የድርሻዎን ልልክልዎ ብዕር አነሣሁ።

እኔ ክንዴ ሀብተ ሚካኤል እባላለሁ። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሰው ሲጣላ ደግሞ የስፌት መኪናዬን ሸፍኜ ሽማግሌ እሆናለሁ። መናፈሻውን ሲመርቁ የቆረጡትን ሪባን ጠርዙን የዘመዘምኩት እኔ ስለሆንኩ፣ በሥራዎ ውስጥ የእኔም ክር አለበት። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የባዕድ ክስ አድርገው እንዳይቆጥሩብኝ በትሕትና አሳስባለሁ።

ደብዳቤው ግልጽ ነውና የሌላ አገር ሰውም ሊያነበው ስለሚችል፣ እርስዎ በሚገባ የሚያውቁትን ነገር ለማያውቁት ላስረዳ። ከዳባት ወደ ደባርቅ ሲኬድ ከተማችን ወይራ በር ትገኛለች። ከከተማዋ ጫፍ፣ ከሰሜን ተራሮች የሚወርደው የደጋ መንገድና ከቆላ የሚወጣው መንገድ በሚገናኙበት ላይ፣ የተኛች ላም የሚያክል ጥቁር ድንጋይ አለ። ስሙ ደም አድርቅ ይባላል። ነፍስ የጠፋባቸውና ነፍስ ያጠፉ ቤተሰቦች የሚታረቁት እዚያ ነው። የተበደለው ወገን በላይኛው መንገድ ይመጣል፣ የበደለው በታችኛው፤ ገዳዩም ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ ይመጣል። ሁለቱ ወገኖች እኩል መድረስ አለባቸው፤ ቀድሞ ደርሶ የጠበቀ ወገን «አድብቷል» ተብሎ ዕርቁ ይፈርሳል። በአንድ ደፍም አያልፉም፤ አንድ ደፍ የሚረግጥ ቤተ ዘመድ ነው፣ ደመኛ ደግሞ ድንጋዩን ሳይነካ ዘመድ አይሆንም። ሁለቱም በየበኩላቸው ድንጋዩን ሲነኩ ካህኑ በመስቀል ይባርካሉ፣ ተበዳዩ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይላል፣ ደሙም ደረቀ ይባላል። ድንጋዩ ከዚህ ሌላ ሥራ ኖሮት አያውቅም።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ። እንዳይረሳ በቁጥር አድርጌዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ አጥሩ እናመሰግናለን። እንደሚያስታውሱት አምና በቀበሌው አዳራሽ ሕዝብ ሲሰበሰብ፣ ቄስ ዓለምብርሃን ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ የከብት ነጋዴ በሬ እያሰረበት፣ የአውቶቡስ ረዳት ጎማ እየጠገነበት ስላስቸገረ፣ «ደም አድርቅ ይከበርልን» ብለው ለመኑ። ዝናቡ የአዳራሹን ቆርቆሮ ይደበድበው ነበርና ቃለ ጉባኤ ያዡ «ይከበብልን» ብሎ ጻፈ። ጥፋቱ የልጁ አይደለም፤ ሁለቱ ቃላት የሚለያዩት በመካከላቸው ባለች አንዲት ፊደል ብቻ ነው። ሲነበብ ሰምተን እንዲህ አላልንም ብለን ነበር፤ ነገር ግን ከስብሰባው በፊት የጸደቀ ቃለ ጉባኤ ከስብሰባው በኋላ አይታረምም ተባልን። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል እንዲሉ፣ እኛ አክብሩት ያልነውን ድንጋይ ጽሕፈት ቤትዎ ዙሪያውን በብረት ከበበልን። ሕዝብ የጠየቀው በዚህ ፍጥነት ሲፈጸም በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።

ሁለተኛ፣ በድንጋዩ ራስጌ ስለተተከለው ሰሌዳ እናመሰግናለን። በጥንት ዘመን አንድ ንጉሥ በዚህ ሲያልፉ ምሳቸውን የበሉበት ታሪካዊ ድንጋይ መሆኑን ከሰሌዳው ተረድተናል። የንጉሡ ስምና የምሳው ዓይነት ባይገለጽም፣ አባቶቻችን ይህን ያህል ዘመን ሳይነግሩን የሞቱበትን ምክንያት እያሰላሰልን እንገኛለን። ከታች በቀይ ቀለም «ድንጋዩን መንካት ክልክል ነው» የሚለውንም አንብበናል። ሥራው መነካት ብቻ ለሆነ ድንጋይ ከዚህ የተሻለ ጡረታ አይገኝለትም።

ሦስተኛ፣ ድንጋዩ ጥቁር ነበር። አሁን ነጭ ነው። እናመሰግናለን።

አራተኛ፣ ስለ በሩ። እዚህ ላይ ትንሽ ቢረዝምብዎ ይታገሡኝ።

አጥሩ አንድ በር ብቻ እንዳለው ያወቅነው የሚታረቅ ሰው ሲመጣ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዳለው የሚባል ጎረምሳ በእርሻ ድንበር ጠብ፣ ድረስ የሚባለውን የእመት ባንቻየሁን የበኩር ልጅ ገድሎ ነበር። ሕግ ፈረደበት፣ ታሰረ፣ ፍርዱን ጨርሶም በዚህ ዓመት ተፈታ። መንግሥት ከእንዳለው ጋር ጉዳዩን ጨርሷል። የሟቹ ታናሽ ወንድም ማዕረግ ግን አልጨረሰም። እንዳለው ከእስር በወጣ ሳምንት ማዕረግ ጠመንጃ ገዛ፤ እንዳለውም የአባቱን ቤት ጥሎ ቆላ ወረደ። እመት ባንቻየሁ የቀረ ልጃቸው ገዳይ እንዳይሆንባቸው፣ ቀጥሎም የሌላ ሰው ጥይት እንዳይበላባቸው ሰግተው፣ ማዕረግን መስቀል አስይዘው አስማሉት። «እስከ ሰኔ ሚካኤል ታገሠኝ። ደም አድርቅ ላይ ከመጣ ይቅር እላለሁ፣ አንተም ትላለህ። ካልመጣ ግን እኔ አላውቅም፤ አንተ ታውቃለህ» አሉት። እኛ ሽማግሌዎች ቆላ ወርደን እንዳለውን ለምነን እሺ አሰኘነው። የቀረን ድንጋዩ ብቻ ነበር።

ሌላ ቦታ ይታረቁ የሚል ሰው አይጠፋም፤ እርስዎም ብለውናል። እኛ ዘንድ ግን ሌላ ቦታ የታረቀ ሰው ጠላ ሲቀምስ ይጣላል ይባላል። ማዕረግም የማለው ስለ ደም አድርቅ ነው እንጂ ስለ ቀበሌ አዳራሽ አልነበረም።

ስለዚህ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጣን። ስብሰባ ላይ ነበሩ። እንደገና መጣን፤ ሥልጠና ላይ ነበሩ። በመጨረሻ ሲያገኙን ግን ያሳዩንን ትሕትና ምን ጊዜም አንረሳውም፤ ወንበር አስመጡልን፣ የቄስ ዓለምብርሃንንም መስቀል ተሳለሙ። በታችኛው መንገድ በኩል ሁለተኛ በር እንዲከፈት ስንጠይቅ፣ በር በበዛ ቁጥር ጥበቃ ይላላል አሉን። አንዲት የአጥር ክፋይ ለአንድ ጠዋት ብቻ ተነቅላ እንድትመለስ ስንለምን፣ የመንግሥት ንብረት መሆኑን አስታወሱን። ለምን በተለያየ ሰዓት አይገቡም ሲሉን፣ ቀድሞ የገባው እንዳደባ እንደሚቆጠር አስረዳንዎ፤ እርስዎም «ጥሩ ግብዓት ነው» ብለው ማስታወሻዎ ላይ ጻፉት። በመጨረሻም በደግነት፣ ደመኞች በአንድ በር አንገባም ማለታቸው የአመለካከት ችግር መሆኑን፣ ይህም በሥልጠና እንደሚቀረፍ አጽናኑን። ስሟ ራሱ በር በሆነ ከተማ ሁለተኛ በር አጥተን ወጣን።

አምስተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር። ከዚህ በኋላ ያለው ግን በእርስዎ ላይ የሚቀርብ ቅሬታ ይሁን በእኔ ላይ መለየት ስላቃተኝ ቁጥር ነፈግሁት።

ክቡርነትዎ በመናፈሻው ካሠሯቸው ነገሮች ሁለት በር ያለው አንድ ብቻ ነው። እሱም መጸዳጃ ቤቱ ነው። ከአጥሩ ጋር ተያይዞ የተሠራ ስለሆነ አንደኛው በሩ ለአውቶቡስ ተሳፋሪ ወደ ታችኛው መንገድ ይከፈታል፣ ሁለተኛው ለጎብኚ ወደ መናፈሻው። በአንዱ የገባ በሌላው ይወጣል። ሰኔ ሚካኤል ደርሶብን፣ ማዕረግ ጠመንጃውን መወልወል ጀምሯል የሚል ወሬ እየሰማን፣ ይህን ያሰበ ጭንቅላት የማንም አይደለም፤ የእኔው ነው። የተበደሉት በትልቁ በር ይግቡ፣ እንዳለው ደግሞ በዚያ በኩል ይለፍ፤ መንገዳቸውም ደፋቸውም ይለያል፣ እኩልም ይደርሳሉ አልኩ። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ሌሎቹ ሽማግሌዎች መሬቱን በከዘራቸው ይጭሩ ጀመር፤ የተሻለ ነገር አልነበራቸውማ። ቄስ ዓለምብርሃን ብቻ፣ «እኔ መስቀል ይዤ በሽንት ቤት አላልፍም። አንተ ግን ያሰብከውን አድርግ፤ እግዚአብሔር ይይልህ» አሉኝ።

በቀጠሮው ጠዋት እመት ባንቻየሁ ማዕረግንና ዘመዶቻቸውን አስከትለው በትልቁ በር ገቡ። ጠባቂዎ ሥራውን በሚገባ ስለሚሠራ የሁሉንም የመግቢያ ትኬት አንድ በአንድ አየ። ማዕረግ በጋቢው ሥር የያዘውን ግን አላየም፤ እሱን መፈተሽ በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ የለም መሰለኝ። ክቡርነትዎም ከዞን ከመጡ እንግዶች ጋር ጃንጥላ ይዘው ከአበባው መደብ አጠገብ ቆመው ነበር። ጉብኝቱ በዚያ ጠዋት መሆኑን ቀደም ብሎ የነገረን ሰው አልነበረም፤ ድንገተኛ ደስታ እንዲሆንልን አስበው ይሆናል።

እኔ በታችኛው መንገድ እንዳለውን ፊት ፊት እየመራሁ፣ አባቱ ከኋላ እየተከተሉት፣ ወደ መጸዳጃ ቤቱ አስገባሁት። ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ እንደጫነ ጎንብሷል። ደንቡ ዓይኑን እንዲያነሣ ስለማይፈቅድለት ከወለሉ በቀር የሚያየው ነገር አልነበረም። የአውቶቡስ ተሳፋሪ የዋለበት ወለል ምን እንደሚመስል ለክቡርነትዎ መግለጽ ነውር ነው፤ ውሃ ደግሞ ከምረቃው ዕለት ወዲህ አልመጣም። እንዳለው ቆም አለና፣ «ጋሼ ክንዴ፣ ይሄ የት ነው ያለነው?» አለኝ። «ዝም ብለህ ተከተለኝ» አልኩት። ዝም ብሎ ተከተለኝ። ያን ሰዓት ፊቱን ባላየው እንኳ ጆሮው ሲቀላ አይቻለሁ። ሰው በበደሉ ሊያፍር መጥቶ እኛ በሌላ ነገር አሳፈርነው።

በወዲያኛው በር ብቅ ስንል እመት ባንቻየሁም ገና ከድንጋዩ አጠገብ መድረሳቸው ነበር። እንደ ደንቡ ፊታቸውን ወደ ደጋው መልሰው መቆም ሲገባቸው፣ የቆርቆሮው በር ሲንኳኳ ዘወር አሉና አዩን። መጀመሪያ አልገባቸውም። ከዚያ በበሩ ላይ የተሳለውን የወንድ ሥዕል አዩ፣ እንዳለውን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ክንዴ፣ በዚህ ነው ያመጣኸው?» አሉኝ።

ባርኔጣዬን አወለቅሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሲጣላ አፌን ይዤ የዋልኩበት ቀን የለም፤ ያን ቀን ግን እሱኑ ማገላበጥ ብቻ ሆነ ሥራዬ።

«ምነው እናንተዬ!» አሉ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «ሽማግሌ አይደላችሁም ወይ? ልጄን የገደለው ሰው ነው። በዚህ ካስገባችሁት እኮ ድረስን ውሻ ነከሰው ማለት ነው። የኔ ልጅ በሰው እጅ ነው የሞተው። መልሰህ አውጣውና በሰው በር አስገባው።»

ቄስ ዓለምብርሃን ቀረብ ብለው ስለ ደፉ፣ ስለ ደንቡ ሊያስረዷቸው ጀመሩ። ሁለቱ ወገኖች አንድ ደፍ ከረገጡ ዕርቁ እንደማይጸና እመት ባንቻየሁ አጥተውት አይደለም፤ የነገሯቸው አባታቸው ናቸው፣ እርሳቸውም ደግሞ ለልጆቻቸው ነግረዋል። «አባቴ፣ እኔ እበቃለሁ» አሏቸው። «ደፉን የምረግጠው እኔ ነኝ፤ ካስቀየመ የሚያስቀይመው እኔን ነው።» ይህን ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ትልቁ በር ሄዱ። ጠባቂዎ፣ አንድ ጊዜ የወጣ ጎብኚ በዚያው ትኬት እንደማይመለስ ሊያስታውሳቸው ሞከረ። አላዩትም።

እኔ እንዳለውን በመጣንበት መልሼ አወጣሁትና በአጥሩ ዙሪያ ወደ ትልቁ በር አመጣሁት። ያ በር፣ ፍየል እንዳይገባ ተብሎ ይሁን ሰው እንዳይገባ ባላውቅም፣ ራሱን በራሱ የሚዘጋ ጠንካራ ስፕሪንግ አለው። ስንደርስ እመት ባንቻየሁ በጀርባቸው ተደግፈው ይዘውት ቆመዋል። የገደለባቸው ልጅ እንዲገባ በሩን ከፍተው ይዘውለታል። እንዳለው ደፉ ዘንድ ሲደርስ ከወደ ታች የሴት እግርና የቀሚስ ጠርዝ አየ፤ የማን እንደሆነም አወቀ። መራመድ አቃተው።

«ግባ እንጂ፤ በሩ ይከብዳል» አሉት።

እንዳለው አልገባም። በሩ ደግሞ እየገፋቸው፣ እርጥቡ መሬትም እያንሸራተታቸው እመት ባንቻየሁ መንገዳገድ ጀመሩ። ያን ጊዜ ማዕረግ ከድንጋዩ አጠገብ ተነሥቶ በፍጥነት መጣ። ነገሩ አበቃ አልኩ፤ ዓይኔንም ጨፈንኩ። ስገልጠው ከጋቢው ሥር የነበረውን ሽጉጥ አውጥቶ ለአጎቱ ሲያቀብል አየሁት። በሩ በአንድ እጅ አይያዝማ። ማዕረግ በሁለት እጁ ብረቱን ጨብጦ የእናቱን ሸክም ተቀበለ፤ እንዳለውም በእናትና በልጅ መካከል አጎንብሶ አለፈ። ጠመንጃ ሲገዛ ሰምተን ሽጉጥ ይዞ መምጣቱን ያወቅነው በዚያች ቅጽበት ነው። ሽማግሌነታችን ይህን ያህል ነበር፣ ክቡርነትዎ።

የቀረው እንደ ደንቡ ሆነ። እንዳለው እግራቸው ላይ ወደቀ፤ «ስለ ድንግል ማርያም» አለ። እመት ባንቻየሁ «መንካት ክልክል ነው» ከሚለው ሰሌዳ ሥር ድንጋዩን ነኩ፣ እሱም ነካ፣ ማዕረግም በመጨረሻ ነካ። ቄስ ዓለምብርሃን ባረኩ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» ሲሉ የእመት ባንቻየሁ ድምፅ ተቆረጠ፤ ሁለተኛ ሲጀምሩት የጨረሰላቸው ማዕረግ ነው።

ያን ጊዜ ነበር ጭብጨባው የተሰማው። እንግዶችዎ ፊታቸው በርቶ ያጨበጭቡ ነበር፤ መጀመሪያ የጀመሩት ግን ክቡርነትዎ እንደሆኑ በዓይኔ አይቻለሁ። እንዳለው ሲወድቅ ፎቶ ስላመለጠው ከእንግዶቹ አንዱ ቢደገም ብሎ ጠየቀ። እመት ባንቻየሁ በእንባ መካከል ቀና አሉና፣ «ምንድነው የሚሰማው?» አሉኝ። «ዝናብ ነው እሜቴ፣ ዝናብ መጣ» አልኳቸው። ሰማዩ በዚያ ሰዓት ጥርት ያለ ነበር። ወደ ላይ አልተመለከቱም፤ ወይም አውቀው ተዉኝ።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ኀፍረቴ ይኸው ነው። በእርስዎ ብቻ አፍሬ ቢሆን ቀላል ነበር፤ በኃላፊ ማፈር ለምደነዋል፣ አያሳክክም። ያፈርኩት ግን አንዲት ሴት፣ ልጃቸውን የቀበሩ፣ የሰውን ክብር ከእኛ ከሽማግሌዎቹ ቀድመው ሲያስታውሱ ነው። አጥሩን የተከላችሁ እናንተ ናችሁ፤ ሰውን በሽንት ቤት የመራሁት ግን እኔ ነኝ፣ ማንም አላዘዘኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ልብስ ልለካ ሰው ፊቴ ሲቆም ዓይኑን ማየት ትቼ ትከሻውን ብቻ እለካለሁ። የሰፋሁት ሱሪ ሁሉ ይጠብባል እየተባልኩ ነው፤ ጥፋቱ የመኪናው አይደለም።

ስለ ማግሥቱም ሳላመሰግን አላልፍም። ጠባቂዎ በረንዳዬ ድረስ መጥቶ፣ ለእንግዶቹ ክብር በዋዜማው የተቀባው ነጭ ቀለም ገና ስላልደረቀ በድንጋዩ ላይ የእጅ አሻራ መታተሙን፣ ይህም በቅርስ ላይ የደረሰ ጉዳት መሆኑን ነገረኝ። ሄጄ አየሁት። የእንዳለው መዳፍ ሰፊ ነው፣ የእመት ባንቻየሁ ትንሽና ጣቱ የተጣመመ ነው፣ የማዕረግ ከሁለቱ መካከል ነው። ሦስቱም ጎን ለጎን ነበሩ። ከሰሌዳው ታሪክ ይልቅ ይህ እውነተኛ ስለነበር ሳይነካ እንዲተውልን ልለምንዎ ስነሣ፣ ከሰዓት በኋላ ቀለም ቀቢው ደርሶ ሸፍኖት ነበር። የጽሕፈት ቤትዎ ቅልጥፍና በዚህም አልጎደለም።

የምለምንዎ ነገር ብዙ አይደለም። ሌላ ሰው እንዲህ ሳይሆን፣ በታችኛው መንገድ በኩል አንዲት በር ይክፈቱልን። መቆለፊያዋ ከእርስዎ ዘንድ ይሁን፣ ቁልፉም በኪስዎ ይሁን፤ የሞተ ሰው ዘመድ ሲመጣ ብቻ ትከፈት። ብረት ቆራጩን እኛ እንፈልጋለን፤ በሯ ስትመረቅም ሪባኑን በነጻ እዘመዝማለሁ።

እስከዚያው ድረስ እግዚአብሔር ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለወንበርዎ ጽኑ እግር፣ ለእንግዶችዎም ጥሩ ካሜራ ይስጥልን። ክቡርነትዎን ባርኔጣዬን አውልቄ፣ መርፌዬን ከአፌ አውጥቼ፣ ወገቤንም እስከሚችለው ድረስ ጎንበስ አድርጌ፣ ከማይደበቅ ኀፍረትና ከማይቀር አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

የጽሕፈት ቤትዎ ታዛዥ፣
ክንዴ ሀብተ ሚካኤል፣
ልብስ ሰፊና፣ ከእንግዲህ የሚልክ ከተገኘ፣ ሽማግሌ።
ወይራ በር፣ ሰኔ 2006 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፤ ይህን ደብዳቤ አሽጌ ሳልጨርስ ከጽሕፈት ቤትዎ የተላከች ወጣት መጥታ፣ ያ «የባህል ትርዒት» እንግዶቹን በጣም ስላስደሰተ፣ ወደ ሰሜን ተራሮች ለሚያልፉ ቱሪስቶች በየገበያው ቀን እንዲቀርብ ክቡርነትዎ መፈለግዎን በታላቅ ትሕትና ነገረችኝ። ሽማግሌዎቹን አማክሬአለሁ፤ በእኛ በኩል ችግር የለም። እንደ ደንቡ ግን ዕርቁ ከመቅረቡ በፊት በየሳምንቱ አንድ ሰው መሞት አለበት፤ የሟቹም እናት በሕይወት መኖር አለባት። ስለዚህ ከጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኞች መካከል ፈቃደኛ የሆኑትን፣ በኃላፊነት ደረጃቸው ቅደም ተከተል፣ ከወላጅ እናቶቻቸው ጋር እንዲልኩልን በአክብሮት እንጠይቃለን።